ላይሰንስ ያልደረሳቸው ጠረጴዛዎች

ፋብሪካው ወደ ግል ሊዞር ነው የሚለው ወሬ ረጅም ጊዜ ሲንከባለል ስለኖረ፣ እኔ ስቀጠር ከቁም ነገር የሚቆጥረው ሰው አልነበረም። አቃቂ ውስጥ ያደገ ሰው እንዲህ ያለውን ወሬ ይለምደዋል። የአንዱ ፋብሪካ ፈረቃ ይቀነሳል፣ የሌላው አጥር ቀለም ይቀየራል፣ ሰዉ ግን ጠዋት ጠዋት እየተነሣ ሰርቪስ ይጠብቃል። ወሬው እውነት መሆኑን እኔ ያወቅሁት ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ካርቶን የመጣ ዕለት ነው።

በካርቶኑ ውስጥ የቢሮ ፕሮግራም ሲዲዎች ነበሩ፤ ደብዳቤ የሚጻፍበት፣ ሒሳብ የሚሠራበት፣ ኦሪጅናሉ። ከያንዳንዱ ጋር ረጅም ቁጥር የታተመበት የመጠቀሚያ ፈቃድ፣ ላይሰንስ፣ አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ የፋብሪካው ኮምፒውተሮች በሙሉ ይሠሩ የነበረው ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ትቶልኝ በሄደው አንድ ኮፒ ሲዲ ነበር። ፊቱ በማርከር ተጽፎበታል፣ ከመቧጨሩ የተነሣ አንዳንዴ እምቢ ይላል። እሱን መጠቀም ስርቆት ነው ብሎ ያሰበ ሰው አላውቅም። እኔም አስቤው አላውቅም ነበር። የፋብሪካው ብቸኛዋ የኮምፒውተር ባለሙያ እኔ ነበርኩ፤ ቢሮዬ ከደረጃው ሥር ያለች፣ መስኮት የሌላት ክፍል ነበረች።

የአስተዳደር ኃላፊው አስጠሩኝ። ቀድሞ መምህር የነበሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ በሙቀትም በብርድም ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ናቸው። ገዢው ከውጭ መሆኑን፣ ከመረከቡ በፊት መርማሪዎች እንደሚልክ፣ መርማሪዎቹ ሲመጡ በየትኛውም ማሽን ላይ ኮፒ ፕሮግራም መገኘት እንደሌለበት ነገሩኝ። ቀጥለውም፣ የመጣው ላይሰንስ ለሁሉም እንደማይበቃ ነገሩኝ። ያልደረሳቸውስ ምን ይሆናሉ ብዬ ጠየቅሁ።

«ማሽኖቹን ወደ ስቶር ታወርጃለሽ» አሉ።

የትኛው ማሽን እንደሚጫንለት፣ የትኛው እንደሚወርድ አንድ በአንድ በቃላቸው ነገሩኝ። በምን እንደተመረጠ ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ሥራው ቢቻል ቶሎ እንዲያልቅ ብቻ አሳሰቡኝ።

ሕንጻችን ሦስት እርከን ነበረው። ምድር ላይ ስቶሩና የእኔ ክፍል፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ቢሮዎቹ ሁሉ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሥራ አስኪያጁ። ኦሪጅናሉ ፕሮግራም ከተጫነ በኋላ በኢንተርኔት ካልተመዘገበ ጥቂት ጊዜ ሠርቶ ይቆለፋል። ኢንተርኔት ደግሞ በስልክ መስመር ነበር የሚገባው፤ ለዚህ የተፈቀደው መስመር ያለው በሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ የሚጫንለትን እያንዳንዱን ማሽን ነቅዬ፣ ሣጥኑን ተሸክሜ ወደ ላይ መውጣት ነበረብኝ። አስመዝግቤ ወደ ጠረጴዛው እመልሰዋለሁ፤ የማይጫንለትን ግን ወደ ታች አወርዳለሁ። ከዚህ የተለየ መንገድ አልነበረም፤ ሰዉ ግን የሚያየው ደረጃውን ነው።

መጀመሪያ ላይ ማንም ነገሬ አላለውም። ሒሳብ ክፍል ገብቼ ስሠራ ያጫውቱኛል። መብራት በየመሀሉ ይጠፋል፣ የተጫነው ግማሽ ላይ ይቀራል፣ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፣ እነሱም ይስቁብኛል። የሒሳብ ክፍል ማሽኖች ሁሉም ወደ ላይ ወጡ። ከዚያ ከግዢ ክፍል ሁለቱ ሲወጡ ሁለቱ ወረዱ። ከሠራተኛ ጉዳይ አንዱ ወጣ፣ የቀሩት ወረዱ። የዚያን ሰሞን ከማምረቻው ክፍል የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ከሥራ እንደሚቀነሱ ተነገራቸው። በማግስቱ ሰርቪስ ስገባ አውቶቡሱ ጸጥ አለ።

«ወደ ላይ የወጣ ይቀራል፣ ወደ ታች የወረደ ይሄዳል» ይባል እንደነበር የነገረኝ ከበሩ ፊት ለፊት ዳቦና ሻይ የሚሸጥልን የስልጤ ሰው ነው። እኔን እየጠየቀኝ ነበር እንጂ እየነገረኝ አልነበረም። ደንበኞቹ እኛ ስለሆንን ስንት ሰው እንደሚተርፍ ማወቅ ፈልጎ ነው። አላውቅም አልኩት። አላመነኝም፤ ግን ጨዋ ሰው ስለሆነ ሻዬን ቀድቶ ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞረው።

ሌሎቹ እንደሱ አልነበሩም። ጠዋት ጠዋት ሰርቪስ ላይ አጠገቤ የምትቀመጠው የግዢ ክፍል ልጅ ቦታዋን ወደ ኋላ ቀየረች። ለወትሮው ሰላም የማይለኝ የመዝገብ ቤት ሰውዬ ደግሞ ምሳ ልጋብዝሽ እያለ ይለማመጠኝ ጀመር። አንዱ ኮሪደር ላይ አስቁሞኝ የቤተሰቡን ሁኔታ በሙሉ ተረከልኝ፤ የልጆቹን፣ የታመመች እህቱን። እኔ የምጭነው የታዘዝኩትን ነው፣ የምመርጠው እኔ አይደለሁም ብዬ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ፤ ሄዶ ግን «ልቧ ደንድኗል» ማለቱን ሰማሁ። እንቅልፌ ተበላሸ። ሣጥን ታቅፌ ደረጃው ላይ በቆምኩ ቁጥር በየበሩ የሚያዩኝ ዓይኖች ጀርባዬ ላይ ይሰማኝ ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ የእትዬ ክፍል ነው።

እትዬ የጽሕፈት ክፍሉ ታይፒስት ነበሩ። ፋብሪካው ሁሉ፣ ከሥራ አስኪያጁ እስከ ጥበቃው፣ እትዬ ነው የሚላቸው። በልጅነታቸው በጽሕፈት መኪና ጀምረው ኮምፒውተር ሲመጣም ያንኑ የጽሕፈት መኪና የፊደል አደራደር በሚከተል አሮጌ የአማርኛ ፕሮግራም ቀጠሉ። ሲጽፉ ወደ ጣታቸው አያዩም፤ እያወሩ፣ ሰው እየመከሩ፣ በመስኮት እያዩ ይጽፋሉ። በአቃቂ በሰቃ ጎረቤታችን ናቸው። ባለቤታቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ከሞቱ በኋላ ልጆቻቸውን በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው ያሳደጉት። የሥራ ማስታወቂያው መውጣቱን ለእናቴ የነገሯትም እሳቸው ናቸው። ስቀጠር የቢሮ ሰው እንዴት እንደሚሰነብት አስተምረውኛል፦ ማኅተም ላይ እንዳትቸኩዪ፣ ከጸሐፊ ጋር እንዳትጣዪ፣ ያላየሽውን አየሁ እንዳትዪ።

የእሳቸው ማሽን ከሚወርዱት ወገን ነበር። ኃላፊው ሲነግሩኝ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ክፍላቸውን ወደ መጨረሻ አስቀረሁት። ጡረታቸው ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው፤ ትንሽ ግን ይቀረዋል።

አንድ ቀን በበራቸው ሳልፍ ጠሩኝ።

«የእኔ ማሽን መቼ ነው የሚነቀለው?»

«ገና ነው እትዬ።»

«ወደ ላይ ነው ወደ ታች?»

ዓይኔን ወደ ደረጃው አዞርኩ። ከስክሪኑ ላይ ዓይናቸውን አንሥተው አዩኝና «እናትሽ መዋሸት አላስተማረችሽም፤ ደግ አደረገች» ብለው ወደ ጽሑፋቸው ተመለሱ።

በዚያ ጊዜ እሳቸው የሚጽፉት የተቀናሾቹን የሥራ ልምድ ማስረጃ ነበር። ከበራቸው ጀምሮ እስከ ደረጃው ድረስ ሰው ተሰልፏል። ከጭነት ክፍል፣ ከጥገና፣ ከማምረቻው ክፍል። ሁሉንም ያውቋቸዋል። የአንዱን የቅጥር ዘመን ሲጽፉ ሠርጉን ያስታውሳሉ፣ የሌላውን ሲጽፉ ሚስቱ ከሆስፒታል ወጥታ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ሰልፉ ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው፤ ማንም ግን አያጉረመርምም።

የመርማሪዎቹ መምጫ ሲቃረብ ኃላፊው የጽሕፈት ክፍሉ ማሽን ለምን እንዳልወረደ ጠየቁኝ። ሰልፉን ነገርኳቸው። በሠራተኛ ጉዳይ የቀረው ማሽን ላይ ይጻፍ አሉ። ሞክሬው ነበር፤ የእትዬ ጽሑፎች አዲሱ ፕሮግራም ላይ ሲከፈቱ ፊደል አይሆኑም። ሳጥንና ቅንፍ፣ የዶላር ምልክትና ኮከብ ብቻ ነው የሚታየው። አንዱን አትሜ ይዤላቸው ሄጄ ስለነበር ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። ኃላፊው ወረቀቱን አንሥተው አገላብጠው አዩት።

«ላይሰንስ ለመጨመር ሥልጣን የለኝም» አሉ። «ኮፒ ፕሮግራምም እንዲገኝ አልፈቅድም። በዚህ መሀል መላ ካለሽ አምጪ።»

መላው ከአንድ የኮሌጅ ጓደኛዬ ተገኘ። ሳሪስ ባለ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር፤ ሠሪዎቹ ለዓለም በነፃ የለቀቁት፣ ላይሰንስ የማይጠየቅበት የቢሮ ፕሮግራም በሲዲ ነበረው። አማርኛ የሚጻፍበትም ነፃ ፕሮግራም ሰጠኝ። የዚያን ዕለት ከሳሪስ በታክሲ ስመለስ ሲዲውን ቦርሳዬ ውስጥ እየዳበስኩ ነበር። ለብዙ ሳምንት እንደዚያ ቀልሎኝ አያውቅም።

የእትዬን ማሽን አጽድቼ ጫንኩላቸው። ማሽኑ ወደ ላይ መውጣት አላስፈለገውም፣ ወደ ታችም አልወረደም። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አዲሱ አማርኛ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፅ ነው፤ ለ ለመጻፍ ኤል ይነካል፣ መ ለመጻፍ ኤም። እትዬ እንደ ልማዳቸው እያዩኝ አንድ አረፍተ ነገር ጻፉ። ስክሪኑ ላይ የወጣው የማንም ቋንቋ አልነበረም። አጠፉና እንደገና ጻፉ። እንደገና ያው ሆነ። ከዚያ ሁለቱን እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«ጣቶቼ የሰው አገር የገቡ መሰለኝ» አሉ።

በፕላስተር ላይ የአማርኛ ፊደላት እየጻፍኩ ቁልፎቹ ላይ ለጠፍኩላቸው። ከሥራ በኋላ ሰርቪስ እስኪነሣ፣ በምሳ ሰዓትም፣ አጠገባቸው እየተቀመጥኩ አስለመድኳቸው። ያቺ ሳታይ የምትጽፍ ሴት አሁን በአንድ ጣት እየፈለገች፣ አንገቷን ደፍታ ትጽፍ ጀመር። አንቱታውን የተውኩት ንቄያቸው አይደለም፤ ያን ጊዜ ፊደል እንደምትቆጥር ትንሽ ልጅ ሆነው ስለታዩኝ ነው። ሰልፉ ረዘመ። ከጥገና ክፍል የተቀነሱ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ተደግፈው ሲያዩዋቸው ቆዩና «አይዞዎት እትዬ፣ ቀስ ይበሉ። ከእንግዲህ የሚያስቸኩለን ምን አለ?» አሏቸው። ሰልፈኛው ሳቀ። እትዬም ሳቁ፤ ግን ቀና አላሉም።

የእትዬ ማሽን እንዳልወረደ ወዲያው ተወራ። አንዳንዱ በሩ ላይ እየቆመ እንኳን ደስ ያለዎት አላቸው። እኔ ደግሜ ደጋግሜ ነገርኳቸው፦ ይህ ላይሰንስ የሌለው ነፃ ፕሮግራም ነው፣ ከቅነሳው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፣ መላ ፈልጊ ስለተባልኩ ያመጣሁት ነው። «ገብቶኛል ልጄ» ይሉኛል። የዚያን ሳምንት እሑድ ግን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ለእናቴ እስከ ጡረታቸው እንደሚቆዩ ነግረዋታል። እናቴ እግዚአብሔር ይስጥሽ ብላ ሳመችኝ። ልነግራት አፌን ከፍቼ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ።

መርማሪዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንድ የውጭ አገር ሰውና አንዲት የእኛው አገር የሒሳብ ባለሙያ። ክፍል ለክፍል እየገቡ ማሽን አስከፈቱ፣ ላይሰንሱን አዩ፣ ቁጥሩን መዘገቡ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ኃላፊው ኮታቸውን ቆልፈው ከፊት ይመራሉ። እትዬ ክፍል ስንደርስ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ከወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሰውዬው ማሽኑ ላይ ያለውን ፕሮግራም አይቶ ምንድን ነው አለኝ፤ አስረዳሁት። ፈገግ አለና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናግሮ ወጣ። ሴትየዋም ጽፋ ተከተለችው።

ሁሉም ሲሄዱ እትዬ እጄን ያዙኝ።

«ምን አለ?»

«ጥሩ ነው አለ።»

«ስለ እኔ ነው ስለ ማሽኑ?»

ያን ጥያቄ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

«ስለ ፕሮግራሙ ነው እትዬ» አልኳቸው።

እጄን ለቀቁኝ። ተቀምጠው ያቋረጡትን ማስረጃ ቀጠሉ። ከበሩ ስወጣ የቁልፉ ድምፅ አንድ፣ ቆይቶ አንድ፣ ቆይቶ አንድ ይሰማ ነበር።

የቢሮ ሠራተኞች ቅነሳ ማስታወቂያ የመግቢያ ሰዓት ከምንፈርምበት ጠረጴዛ አጠገብ ካለው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። የእትዬ ስም ነበረበት። ማሽናቸው ወደ ላይ የወጣላቸው ብዙ ሰዎችም ነበሩበት፤ ማሽናቸው ከወረደባቸው ደግሞ የቀሩ አሉ። ከሰርቪስ ወንበሯን የቀየረችው የግዢ ክፍል ልጅ ማሽኗ ወርዶ እሷ ቀረች። ከሒሳብ ክፍል አንዱ ማስታወቂያውን አንብቦ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ «ታዲያ ምን ወደ ላይ አመላለሰሽ?» አለኝ። ጥያቄው ቁጣ አልነበረበትም፤ የምር መጠየቁ ነበር።

እትዬ የራሳቸውን የሥራ ልምድ ማስረጃ ራሳቸው ጻፉ። እኔ ልጻፍልዎ ብል አልፈቀዱም። «የዚህን ሁሉ ሰው ጽፌ የራሴን በሰው እጅ?» አሉ። አጠገባቸው ቆምኩ። ዘመናቸውን፣ የሥራ መደባቸውን፣ ጠባያቸው መልካም መሆኑን፣ ለሌላው ሰው ሲጽፉት በኖሩት ቃል ጻፉ። መጨረሻ ላይ የኃላፊው ማዕረግ ሲደርሱ ቆሙ።

«ሀሌታው ሀ ነው የሚመጣልኝ» አሉ። «ብዙኃኑ ኀ የት ነው ያለው?»

ሁለት ቁልፍ ተከታትሎ እንደሚነካ አሳየኋቸው። «ኃላፊ» የሚለውን አስተካክለው ጽፈው አተሙ። ወረቀቱን እስኪቀዘቅዝ በሁለት እጃቸው ይዘው ጠበቁ፤ የማተሚያ ወረቀት ሙቅ ሆኖ መታጠፍ የለበትም ብለው ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነው። ኃላፊው ፈርመው ማኅተም አደረጉበትና ከወንበራቸው ተነሥተው እስከ ደረጃው ድረስ ሸኟቸው። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።

ከዚያ በኋላ እትዬ ለብዙ ጊዜ እኛ ቤት መምጣት ተዉ። በመንገድ ስንገናኝ እግዚአብሔር ይመስገን ይሉኛል፤ አይቆሙም። እናቴ ወቀሰችኝ፣ ብትነግሪያት ምን ነበረበት አለችኝ። ነግሬያቸዋለሁ፣ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ አልኳት። እናቴ ሽንኩርቷን እየከተፈች «በአፍሽ ነግረሻታል፤ ሥራሽ ግን ሌላ እየነገራት ነበር» አለች።

ገዢው ፋብሪካውን ሲረከብ የራሱን ኮምፒውተሮች በሙሉ በኮንቴነር አመጣ። ፕሮግራሙም የራሱ ነው፣ ከአገሩ በመስመር የሚታደስ፣ በራሱ ቋንቋ የተዘጋጀ። የእኛዎቹ ማሽኖች ኦሪጅናል ላይሰንስ የተለጠፈባቸውም የሌለባቸውም እኩል እንዲወርዱ ታዘዘ። ያንን ሁሉ ሣጥን፣ በስልክ መስመር ለማስመዝገብ እየታቀፍኩ ወደ ላይ ያወጣሁትን፣ አንድ በአንድ ወደ ታች አወረድኩት። በዚህኛው ጊዜ በየበሩ ቆሞ ያየኝ ሰው የለም።

ለአስተዳደር ኃላፊውም የመጨረሻ ቀናቸው ነበር። ማሽናቸውን ስነቅል የልጃቸውን የሠርግ ፎቶዎች እንዳወጣላቸው ለመኑኝ። ፍላሽ ላይ እየገለበጥኩላቸው ሳለ በምን ይመርጡ እንደነበር እንደገና ጠየቅኋቸው። አሁን የሚያስፈራቸው ነገር የለም ብዬ ነው።

«መርማሪዎቹ ቀድመው የሚያዩዋቸውን ጠረጴዛዎች አስቀደምኩ» አሉ። «ለደረጃው ቅርብ የሆኑትን። ሌላ ምንም አልነበረም።»

«ታዲያ ለሰዉ ለምን አልነገሩትም?»

«ማን ያምነኝ ነበር?» አሉ። ፍላሹን ተቀብለው የኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተቱት።

እኔ አዲሱ ባለቤት ዘንድ ጥቂት ቆየሁ። ሥራዬ ስክሪን ላይ «እየታደሰ ነው፣ አታጥፉት» የሚል ጽሑፍ እያዩ መጠበቅ ሆነና ቃሊቲ ወደሚገኝ ሌላ መሥሪያ ቤት ገባሁ።

ከዓመታት በኋላ እትዬን ያገኘኋቸው በሰፈራችን ለቅሶ ላይ ነው። ልጃቸው ኮንዶሚኒየም ደርሷት ኮዬ ፈጬ አብረዋት መኖር ጀምረው ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ቦታ ፈልጌ ስቆም ራሳቸው ጠጋ ብለው አግዳሚው ላይ አስቀመጡኝ። እናቴን ጠየቁኝ። አሁንም ማሽን ላይ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ አዎ አልኩ። እሳቸው ዓይናቸው ስለደከመ ምንም እንደማይጽፉ፣ የኮንዶሚኒየሙ ዕድር ጸሐፊ ሊያደርጋቸው ፈልጎ እንቢ እንዳሉት ነገሩኝ። ስለ ፋብሪካው አንዲት ቃል አላነሡም። እኔ ማንሣት ፈልጌ ነበር። ያን ጊዜ ማሽናቸውን እንደ ሌላው ዝም ብዬ ባወርደው ይሻላቸው እንደነበር ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ለጸሎት ተነሡ፣ እኛም ተነሣን። ከጸሎቱ በኋላ የኮዬ ፈጬ አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ቸኩለው ተሰናበቱኝ። ጉንጬን ሦስት ጊዜ ስመውኝ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከድንኳኑ ወጡ።